ብሎኖቹ እንዳይላሉ

የቨርሊን ቶስትሩድ ግራጫ ፒካፕ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም ጎረቤት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያይና ወደ ሥራው ይመለሳል። ለምን እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም። በዚያ ቤት ሰው ከሞተ ወራት አልፈዋል፣ የቀብሩ አበባ ደርቋል፣ ምግብ ይዞ የሚመጣው ሰውም ወደ ራሱ ኑሮ ተመልሷል። ቨርሊን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የስቴንዳል ከተማ የጎረቤት ክበብ ብዙ ነገር ይሠራል። በዓመት አንዴ ዓሣ ጠብሶ ከተማውን ያበላል፣ ዓይናቸው ለደከመ ተማሪዎች መነጽር ያስገዛል፣ የመናፈሻውን አግዳሚ ወንበር ይጠግናል። ሰው የሚያውቀው ግን በመወጣጫው ነው። እግሩ የከዳው ሰው በዊልቸር ሆኖ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል፣ የክበቡ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ከደጃፉ እስከ በረንዳው ድረስ ቀስ እያለ ከፍ የሚል የእንጨት መወጣጫ ይገጣጥሙለታል። ዋጋ አይጠየቅበትም። ሰውየው ድኖ ሲራመድ ወይም ሲሞት ግን ሳንቃው ተፈትቶ ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳል።

የዳነውስ ደስ ብሎት ራሱ ይደውላል። ሰው የሞተበት ቤት ግን ማን ሄዶ “ሳንቃችንን መልሱልን” ይላል? የስቴንዳል ሰው እንደሆነ ከጎረቤቱ ጨው ለመዋስ እንኳ መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ በቆሎው፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ እንደገና ስለ አየሩ ማውራት አለበት፤ ጨዉን ሳይጠይቅ ተሰናብቶ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። በመጀመሪያ ሥራው የተሰጠው ጡረታ ለወጣ የኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። አፉ ማር የሆነ ሰው ነው። ሁለት ሐዘንተኞች በር ሲዘጉበት ክበቡ ማር እንደማያስፈልግ ገባውና ቨርሊንን መረጠ።

ቨርሊን የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በከተማው የእህል ጎተራ ውስጥ ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ሰው በእጅ ምልክት ብቻ ስለሚግባባ፣ ንግግር ከሱ ቀስ በቀስ ሸሸ። ሚስቱ አርዲስ፣ “አንተ እኮ ከማቀዝቀዣው ጋር ብትወዳደር እሱ ነው የሚሸነፈው፤ እሱ እንኳ አንዳንዴ ያጉረመርማል” ትለው ነበር። 

ለቅሶ ቤት ሲሄድ ካቻቢቴውን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ ዶናት በወረቀት ከረጢት ይዞ ነው። በሩን ያንኳኳና ዓመቱን ሙሉ የማይለወጠውን አንድ አረፍተ ነገር ይናገራል፤ “ብሎኖቹ እንዳይላሉ ልይ ብዬ ነው።” ብሎኖቹ እንደማይላሉ እሱም ያውቃል፣ በሩን የከፈተውም ሰው ያውቃል። ከዚያ መወጣጫው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ሰው ወጥቶ አጠገቡ ይቀመጥና ስለ ሟቹ ማውራት ይጀምራል። ቨርሊን ይሰማል። ወሬው ሲያልቅ ካቻቢቴውን አውጥቶ ያቀብላል፤ የመጀመሪያውን ብሎን የሚፈታው የቤቱ ሰው ነውና። ይህን ደንብ ማንም አላወጣውም፤ አንዴ እንዲያ ሆነና በዚያው ቀረ።

አንድ ሰው ብቻ አስቸግሮታል። ቴልማ ራድ ትባላለች። ባሏ ኦሪን በሞተ በአምስተኛው ወር ሄዶ ያንን አረፍተ ነገሩን ቢናገር፣ “ጠብቀዋል” ብላ በሩን በፊቱ ዘጋችበት። ቨርሊን አልተቀየማትም። ክረምቱን ሙሉ በረዶ በጣለ ቁጥር አካፋውን ይዞ ይሄድና የቴልማን መወጣጫ ጠርጎላት፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል። ቴልማ በመስኮት ታየዋለች፤ ፊቷን አጥቁራ ነው የምታየው። በሚያዝያ አንድ ቀን የራሷን ካቻቢቴ ይዛ ወጣች። ኦሪን እንዴት እንደሚያንኮራፋ፣ ትራክተሩን የቀባበት ቀይ ቀለም ሲተርፈው አጥሩንም የፖስታ ሣጥኑንም መወጣጫውንም እንዴት እንደቀባ፣ ጨርሶ ብርድ እስኪያንዘፈዝፋት ድረስ ነገረችው። ከዚያ ብሎኑን ፈታችው። ወር ሳይሞላ የክበቡ አባል ሆነች፤ የክበቡ የሳንቲም ማጠራቀሚያ የሆነው የቆርቆሮ አሳማም ወደ እሷ እጅ ገባ። በማክሰኞ ምሳ ላይ ስለ ራሱ በጎ ሥራ ያወራ ሰው ያ አሳማ ውስጥ ሳንቲም መጣል አለበት። በዚህ የተነሳ በክበቡ ስብሰባ የሚወራው ስለ በቆሎ ብቻ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ክበቡ ጣልቃ አይገባም። መወጣጫ የተሠራለት ሁሉ ደስ ያለውን ይቀባል። ሳንቃው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ታዲያ የማይገናኙ ቀለሞች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ቨርሊን ስለ ቀለም ያለው ምክር አንድ ነው፤ የውጭ ቀለም ይሁን። የቤት ውስጥ ቀለም ለብርድና ለእርጥበት እንደማይሆን ለስንቱ ቤተሰብ እንደነገረ ቤት ይቁጠረው። በሰው ደጃፍ፣ ከብሎኑ ሌላ፣ በገዛ ፈቃዱ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ የአርዲስ እግር መክዳት ጀመረ። ከምርኩዝ ወደ ዊልቸር ለመውረድ አንድ በጋ በቃት። መወጣጫውን ያቆመው ቨርሊን ራሱ ነው፤ ውሃ ልኩን ደጋግሞ እያስቀመጠ፣ የሌሎቹን ሥራ እያስቆመ ነበር፤ ያንን ዝምተኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጣ ያዩት ያን ቀን ነው። የደረሳቸው ሳንቃ ከሌሎች ቤቶች የዞረ ስለሆነ ዥንጉርጉር ነበር። ታችኛው ክፍል ኤልመር ሃውገን በጀልባው አረንጓዴ ቀለም የቀባው ነው። መካከሉ የሉንድ እህትማማቾች ሰማያዊ፣ በሩ አጠገብ ያለው ደግሞ የኦሪን ቀይ። ከሱ አልፎ፣ የበሩ ደፍ ሥር፣ ቀለም ያልነካው አንድ ጥሬ ሳንቃ ተጨምሮበታል። ቨርሊን ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊቀባው ሲነሳ አርዲስ አይሆንም አለች። “ሰዎቹን ምን በደሉህና ነው የምትሸፍናቸው?” አለችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከቤት በወጣች በገባች ቁጥር ሰላም ትላቸው ነበር። ኤልመርን ዓሣ ያዝክ ወይ ትለዋለች። የሉንድ እህትማማቾችን ዛሬም ተኳርፋችሁ ነው ትላቸዋለች። ቀዩ ሳንቃ ጎማዋ ሲያርፍበት ሲጢጥ ስለሚል፣ “ኦሪን፣ ዛሬም ታንኮራፋለህ?” ብላ ትስቅና ትገባለች። ቨርሊን ጎረቤት ይሰማናል ብሎ ይሸማቀቅ ነበር። አርዲስ ጎረቤት እንዲሰማ ነበር የምትጮኸው።

ባለፈው ዓመት በመከር ሞተች። ክበቡ መጣ፣ ምግብ መጣ፣ አበባው ደረቀ። ቨርሊን ወደ ሥራው ተመለሰና በሌሎች ሰዎች ደጃፍ ብሎን ማየቱን ቀጠለ። የራሱ መወጣጫ ግን እንደቆመ ነው። ደረጃው በኩሽና በኩል እያለለት የሚገባው በመወጣጫው ነው። ማንም ቢጠይቀው ዕቃ ለማስገባት ይመቸኛል የሚል መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ የጠየቀው ሰው የለም። ቀዩ ሳንቃ ላይ ሲደርስ ክብደቱን ሁሉ አሳርፎ ይቆማል። ሲጢጥ ሲል በሩን ይከፍታል። ቤቱ ገና ሰው ያለበት የሚመስለው በዚያች ድምፅ ብቻ ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ኖሪን ባኪ በረዶ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋንና አንድ እግሯን ሰበረች። ከተማው ውስጥ ያለ ጎልማሳ ግማሹ በልጅነቱ በእሷ አውቶቡስ ተመላልሷል። የማክሰኞው ምሳ ላይ የክበቡ ሊቀመንበር ዱዌን ነገሩን አስረዳ። ሆስፒታሉ ቅዳሜ ያስወጣታል። መወጣጫ ከሌላት ግን ቤቷ መግባት ስለማትችል፣ በሌላ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚወስዷት። ኖሪን በስልክ አልቅሳለች፤ አልቅሳ የማታውቅ ሴት ናት። የክበቡ መጋዘን ባዶ ነው፣ የእንጨት መሸጫውም ለውጭ የሚሆን ሳንቃ የሚያገኘው በወሩ መጨረሻ ነው።

“እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው አለ?” አለ ዱዌን።

የኖሪንን ቤትና የቨርሊንን ቤት የሠራው አንድ አናጺ እንደሆነ፣ የበረንዳቸውም ከፍታ አንድ እንደሆነ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የማያውቅ የለም። የክበቡ መወጣጫ ደግሞ በክፍል በክፍል የሚፈታ ነው፤ እግሮቹ ድንጋይ ላይ ስለሚያርፉ መሬቱ ቢቀዘቅዝም ግድ የለውም። አንድ ጠዋት ቢበዛ ነው የሚፈጀው። ይህን ሁሉ እያወቁ ሁሉም ዓይናቸውን ፊታቸው ያለው የፖም ኬክ ላይ ተከሉ። ቨርሊንም ኬኩን አየ። በመጨረሻ ዱዌን አየሩ ሊሞቅ ነው ይላሉ ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቨርሊን ተናዶ ቤቱ ገባ። የተናደደው በማን እንደሆነ ግን ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ስለ ሰው ቤት ሲሆን ወዲያው፣ ቨርሊን ሂድ እንጂ ይሉታል፤ የሱ ሲሆን ኬክ ያያሉ። ደግሞ ቢጠይቁትስ? አይ ቢላቸው በምን ፊቱ ያያቸዋል፣ እሺ ቢላቸው የሚቀርለት ነገር የለም። ያን ቀን በኩሽናው ደረጃ ገባ። ከቀዩ ሳንቃ ጋር መተያየት አፍሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ቴልማ ናት። ካፖርቷ ኪስ ላይ የካቻቢቴ እጀታ ብቅ ብሏል፤ በእጇ የወረቀት ከረጢት ይዛለች።

“ብሎኖቹ እንዳይላሉ ልይ ብዬ ነው” አለችው።

ቨርሊን ያንን አረፍተ ነገር ስንት ደጃፍ ላይ ተናግሮታል፤ ሲነገረው ምን እንደሚመስል ግን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። 

“ጠብቀዋል” አለ።

“እኔም ያልኩህ እንዲሁ ነበር።”

በሩን ዘጋባት። አምርሮ ነው የዘጋው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ እስክትሄድለት ጠበቀ። ቴልማ አልሄደችም። መወጣጫው ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ውጭው የመጋቢት ብርድ ነው፤ ነፋሱ ከሜዳው ምንም ሳያግደው ይመጣል። አንገቷን ካፖርቷ ውስጥ ቀብራ ዶናቷን መብላት ጀመረች። ቨርሊን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ከውስጥ ሲያዩት ይህን ያህል እንደሚከብድ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሥራ አይቀበልም ነበር።

በመጨረሻ የአርዲስን የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ። ቀዩ ሳንቃ ሲጢጥ አለ።

“ኦሪን ነቃ” አለች ቴልማ፣ ዞር ሳትል።

ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላት አጠገቧ ተቀመጠ። ቴልማ ምንም አልጠየቀችውም፤ ሥራውን ከሱ ነው የተማረችው። ቀሪውን ዶናት ሰጠችው፤ ሳይበላው እጁ ላይ ያዘው። ስለ ኖሪን አላነሳችም። በመንገዱ አንድ የወተት መኪና አለፈ።

“ኤልመር እዚህ አለ” አለ ቨርሊን።  “ሉንዶች አሉ። ያንቺ ኦሪን አለ። ሁሉም አለ። እሷ ግን አልቀባችም። ሰዎቹን አልሸፍንም አለች፤ ጥሬዋ ሳንቃም ሳትቀባ ቀረች። ይህ ተፈትቶ ከሄደ አርዲስ የትም የለችም።”

ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ቴልማ ሰምታው አታውቅም። እንባው መጣበትና በመዳፉ ጠረገው።

“ታዲያ ጥሬዋ ሳንቃ ምን ትጠብቃለች?” አለችው። “ቅባላታ።”

“በምን ቀለም?”

“እሱን እኔን ትጠይቀኛለህ? ከእሷ ጋር የኖርከው አንተ።”

ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። አርዲስ አንድ በጋ፣ እሱ ጎተራ ውሎ ሲመለስ፣ ኩሽናውን ደማቅ ቢጫ ቀብታ ጠብቃዋለች። ቨርሊን ዓመታት ሙሉ ቁርስ ላይ በተቀመጠ ቁጥር በትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ ውስጥ የምበላ ነው የሚመስለኝ እያለ ያማርር ነበር። የቀረው ቀለም ምድር ቤት ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ የሷ የአውራ ጣት አሻራ እንዳለ ተቀምጧል።

ቀለሙን አርብ ከሰዓት በኋላ አወጣው፤ እስከዚያ ድረስ ሐሳቡን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ጥሬዋን ሳንቃ ወፍራም አድርጎ ቀባት፣ ሲጨርስ ደግሞ ደገማት። የቤት ውስጥ ቀለም መሆኑን፣ በመጋቢት ብርድ እንደማይደርቅ፣ ራሱ ለከተማው ሁሉ ሲሰብከው የኖረውን ነገር አንዴም አላስታወሰውም። ቅዳሜ ጠዋት ቴልማ የነገረቻቸው የክበቡ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው መጡና ግቢው ውስጥ ራቅ ብለው ቆሙ። ማንም ወሬ አላነሳም፣ ስለ አየሩ እንኳ። ቨርሊን የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ብሎኑን ኪሱ ከተተው፤ ይህን ሲያደርግ ያየው ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆነ። ሳንቃዎቹ ተጭነው ሲሄዱ በሩ ከመሬት ርቆ፣ ደጃፉም ራቁቱን ቀረ። ቨርሊን ወደ ኋላ ሳያይ ፒካፑን አስነሳ።

የኖሪን ቤት ጋ ሲያቆሙት እንደገመቱት አንድም ሳንቃ መቁረጥ አላስፈለገም። ቢጫዋን ሳንቃ ጓንት ያጠለቁ እጆች ከበሩ ፊት፣ መጨረሻ ላይ አስገቧት። ኖሪን የመጣችው ወደ እኩለ ቀን ላይ ነው። የሆስፒታሉ መኪና ከነዊልቸሯ አወረዳት። ከስታለች፤ አንደበቷ ግን እንዳለ ነው። የክበቡን ሰዎች ስታይ፣ “ይኼን ሁሉ ሽማግሌ ማን ነው ከአውቶቡስ ያወረደው?” አለች። ዱዌን ሊገፋት ቢል እጁን መታችው። በገዛ ክንዷ እየገፋች አረንጓዴውን አለፈች፣ ሰማያዊውን አለፈች፤ ቀዩ ሲጢጥ ሲል ቨርሊን ዓይኑን ጨፈነ። ቢጫው ላይ ትንሽ አርፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋ ገፍታ ቤቷ ገባች።

ሁሉም ተከትሏት ሊገባ ሲል ቴልማ ክንዷን ዘርግታ አገደችው። በኖሪን ነጣ ያለ ምንጣፍ ላይ ሁለት ቢጫ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰምረው፣ ከበሩ ተነስተው ሳሎኑን አቋርጠው፣ ወደ ኩሽናው ታጥፈዋል።

 ከተማውን ሁሉ ስለ ቀለም ሲመክር የኖረው ሰው፣ የኖሪንን ቤት በገባችበት ደቂቃ አበላሸው። ሌሎቹን ገፍቶ ገባና በጉልበቱ ተንበርክኮ በመሐረቡ ምንጣፉን ማሸት ጀመረ። ባሸው ቁጥር ቢጫው ይሰፋል።

ኖሪን ከኩሽና ተመልሳ መጣች። ሌላ ሁለት መስመር ጨመረች ማለት ነው። ጎማዎቿን አየች፣ ምንጣፉን አየች፣ በጉልበቱ ያለውን ሰውዬ አየች። አርዲስ በዚያ መወጣጫ ላይ ስትጮህ አውቶቡሷን አቁማ የምትሰማ የነበረች ሴት ናት፤ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ ሁሉ ታውቃለች።

“ቢጫው የማን ነው?” አለችው።

ቨርሊን ቀና አለ። 

“የአርዲስ ነው” አለ። “ይቅርታ፣ ኖሪን። አልደረቀም። ከውጭ መቅረት ነበረባት።”

“በል መሐረብህን አንሳ፤ አትንካት” አለች ኖሪን። “እሷ ገብታ ኩሽና ደርሳለች፣ አንተ ገና በር ላይ ነህ። ተነስና ቡና ጣድ፣ ከዚያ ንገረኝ፤ ይኼን የኔን አውቶቡስ የመሰለ ቀለም ከየት አመጣችው?”

ዱዌን ብብቱን ይዞ አስነሳው። የቀሩት ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ መስመሮቹን እየተሻገሩ ገቡ። ቨርሊን ውሃውን ጣደ፣ ወንበር ስቦ ከኖሪን ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እጆቹም ቢጫ ሆነው ነበር። ደጃፍ ለደጃፍ የሰው ሙታን ሲተረኩለት የኖረው ሰው፣ “ያን ቀን ከሥራ ስመለስ” ብሎ ስለ አርዲስ ማውራት ጀመረ።